አንጁሎ እስኪመጣ

ሎሃ የሞተው በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው። ያኔ ሰባ ዓመቴ ነበር። ሰባ የምለው እናቴ እንደነገረችኝ ነው፤ መታወቂያዬ ላይ ሌላ ተጽፏል፣ የጻፈው ልጅ ግን ስወለድ አልነበረም።

የእድሩ ጥሩንባ ሲነፋ ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ የተቀቀለ ቦይና፣ የእኛን ጎደሬ፣ እየላጥኩ ነበር። ለፋፊው ስሙን ሲጠራ ባለቤቴ ከጓሮ እየሮጠች መጣች።

"ሰማህ?" አለችኝ።

"ሰማሁ።"

"ታዲያ አትነሳም እንዴ? ሎሃ እኮ ነው!"

"ሎሃ የሞተው ዓምና ነው። ለእናንተ ገና ዛሬ ነገሯችሁ" አልኳት።

ተቆጣችኝ። ብትቆጣም እውነቷን ነው፣ በሬሳ እንዲህ አይባልም። እኔ ግን ቦይናዬን ልጬ ጨረስኩ፣ ከዚያ ተነሳሁ።

ሎሃና እኔ ሠላሳ ዓመት ገደማ አንድ መጋዝ ይዘናል። የኤሌክትሪክ መሰንጠቂያ ሶዶ ሳይገባ ጣውላ የሚሰነጠቀው በሰው ጉልበት ነበር። ግንዱ ከፍ ያለ ቆጥ ላይ ይጋደማል፣ አንዱ ሰው ከላይ ይቆማል፣ አንዱ ከታች። የላዩ ሰው መስመሩን ያያል። የታቹ ሰው ሰጋቱራ ይጠጣል። እሱ ላይ ነበር፣ እኔ ታች። ከፊቱ ይልቅ እግሩን አውቀዋለሁ ብል አልዋሸሁም። ደስ ሲለው ተረከዙ ላይ ይቆማል። ሲናደድ የእግሩ ጣቶች ግንዱን ይቆነጥጡታል። ሲናደድ ደግሞ አይናገርም፣ ስለዚህ ጣቶቹን ካላየሁ ቀኑን ሙሉ ለምን እንደተኮሳተረ አላውቅም።

ሥራ የጀመርን ሰሞን መጋዙን ወደ ላይ እየገፋሁ አስቸገርኩት። ሥራውን አቆመና ከላይ አንገቱን አዘንብሎ ተመለከተኝ።

"ስማ አንተ ዱቄት በላ" አለኝ።

"አቤት።"

"መጋዝ የሚገፋ ሰው አይተህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"እኔም ዛሬ ገና ማየቴ ነው። መጋዝ አይገፋም። የራስህን ሳብ፣ የእኔን እኔ እስባለሁ። የሰው ተራ አትንካ።"

ይህ ሕጉ ነበር። ለመጋዝ ብቻ አይደለም፣ ለሁሉም። የሰው ተራ አትንካ። ስብሰባ ላይ ታላቅ ሳይናገር አይናገርም። ቤቱ ልጅህን ስጠን ብለው ሽማግሌዎች ሲመጡበት "ታላቅ ወንድሜ አንጁሎ ያለው ቤሌ ነው፣ እሱን ጠይቁ፣ ልጅቷ የእሱ ናት" ብሎ መልሷቸዋል። እኔ የታች ሰው ስለሆንኩ "ቶማ፣ መስመሩ ትክክል ነው ወይ?" ብሎ አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።

ደግ ሰው ነበር አልልም። ሰው ሲሞት ሁሉም ደግ ይሆናል፤ ሎሃ ግን ደግ አልነበረም። አንድ ጊዜ ሽብልቅ ግንድ ውስጥ ረስቼ የመጋዙን ጥርስ ሰበርኩ፣ ክረምቱን ሙሉ አላናገረኝም። አብረን እንሠራለን፣ አብረን እንበላለን፣ አይናገርም። "ሳብ!" ይላል፣ በቃ። ለጊፋታ ዓመቱ ሲለወጥ ጠዋት በሬን ስከፍት ደጄ ላይ አንድ ትልቅ ቁራጭ ሥጋ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ማን እንዳስቀመጠው አልጠየቅሁም። በማግስቱ ሥራ ላይ "ዳጣውን ራስህ ነው ያዘጋጀኸው ወይስ ሚስትህ?" አለኝ። እንደዚያ ነው የታረቅነው።

ደም ግፊት እንዳለበት የጤና ሠራተኛዋ ነግራዋለች። መድኃኒት ሰጠችው። የሚውጠው ራሱን ሲያመው ብቻ ነው።

"በየቀኑ ነው የተባልከው" እለዋለሁ።

"በየቀኑ የሚወሰድ ነገር ምግብ ነው፣ መድኃኒት አይደለም" ይለኛል። "እኔ ደግሞ ምግብ አለኝ።"

አስቴር፣ ሚስቱ፣ ክኒኑን ከእንጀራ ጋር ጠቅልላ ልታበላው ሞክራለች። አውቆባት እንጀራውን ለውሻው ሰጠው። "ውሻችን ግፊቱ ወርዷል" እያለ ሰፈሩን ሲያስቅ ከረመ።

አንድ ነገር ግን ልናገር፣ እሱን ካልተናገርኩ የቀረው አይገባም።

ዲምቱ አጠገብ የአንድ ገበሬ ባሕር ዛፍ እንቆርጥ ነበር። የገበሬው ልጅ፣ ጎልማሳ ነው፣ የልጆች አባት ነው፣ ገመድ ሊይዝልን መጣ። ዛፉ ሲወድቅ ዞረና እግሩን ጨፈለቀው። አባትየው ገበያ ሄዷል። ሰፈሩ ተሰበሰበ። "አባቱ ይምጣ፣ አባቱ ሳያይ አታንሱት" አሉ። ሎሃ ያን ቀን ማንንም አልሰማም። ሰውየውን አዝሎት አስፋልቱ ድረስ ሮጠ፣ እኔ የተሰበረውን እግር ደግፌ ከኋላ። የጭነት መኪና አስቁመን ሶዶ አደረስነው። እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ሰውየው ዳነ።

ዳነ የምለው እኔ ነኝ። አባትየው "ሙሉ ልጅ ነበረኝ፣ ማንን አስፈቅደህ ነው ወስደህ ያስቆረጥከው?" ብሎ ሽማግሌ ሰበሰበ። ሽማግሌዎቹም በሎሃ ፈረዱበት። የሰውን ልጅ አባቱ ሳይፈቅድ አንስተሃል አሉት። ያን ወፍራም አንገቱን ደፍቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ሕዝብ ፊት ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ። እኔ ኋላ ቆሜ ጣቶቹን አያለሁ። መሬቱን ይቆነጥጣሉ።

ስንመለስ ብዙ መንገድ ሄድን። ከዚያ "ቶማ" አለኝ።

"አቤት።"

"ከእንግዲህ ወዲህ የሰው ሰው ሳላስፈቅድ አልነካም።"

"ሰውየው እኮ በሕይወት አለ" አልኩት።

"እሱ አለ። እኔን ግን አባቱ ገደለኝ።"

ከዚያ በኋላ በፊት ከነበረው የባሰ ሆነ። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲታመም የመጀመሪያው ጥያቄው "ታላቁ ተጠርቷል ወይ?" ነው። ካልተጠራ እጁን ኪሱ ከትቶ ይቆማል፣ ሌላውንም ያስቆማል። ሰዉም ሥርዓት አዋቂ ነው ብሎ አከበረው። እኔም አከበርኩት።

ሎሃ የወደቀው እንግዲህ ከመሞቱ ዓመት በፊት በበልግ ነው፣ በጠዋት። አስቴር አጥራችን ላይ መጥታ ጮኸች።

"ጋሼ ቶማ! ድረስልኝ! ሎሃ አፉ ተጣመመ!"

ግቢው ውስጥ ቧንቧው ሥር ወድቋል። ፊቱን እየታጠበ ነበር፣ ውኃው ይፈሳል። ቀኝ እጁ እንደ እርጥብ ገመድ ነው። አፉ በቀኝ በኩል ወርዷል። "ሎሃ!" አልኩት። አየኝ። ሊናገር ፈለገ፣ የወጣው ድምፅ የሰው አይደለም። ቀኝ እግሩን አየሁት። ጣቶቹ ተዘርግተዋል። ምንም አይቆነጥጡም።

አንስተን አልጋው ላይ አደረግነው። እኔ መንገድ ወጥቼ ባጃጅ አስቁሜ በሩ ላይ አመጣሁ። ስመለስ ቤቱ በሰው ሞልቷል። አንዷ ምች ነው ብላ ዳማከሴ እያሸች ነው። አንዱ መጋኛ ነው ይላል። ሴቶቹ ጸሎት ጀምረዋል። ጸሎት እኔም እጸልያለሁ፤ ባጃጅ ላይም ግን ይጸለያል።

"ባጃጁ ቆሟል፣ እናንሳው" አልኩ።

የሎሃ የአጎት ልጅ ማቴዎስ፣ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት የሚሠራው፣ በሩን ይዞ ቆመ።

"ጋሼ አንጁሎ ይምጣ" አለ።

"አንጁሎ ቤሌ ነው!"

"ደውለናል። በመንገድ ላይ ነው።"

"ልጆቹስ ምን አሉ?"

"ሐዋሳ ያሉት? ጋሼ አንጁሎ ያለውን አድርጉ አሉ። እንግዲህ የእነሱ ቃል ይኸው ነው።"

ስልኩን ቀማሁትና ለአንጁሎ ራሴ ደወልኩ። ገበያ ቀን ነበር፣ ጫጫታው ይሰማኛል፣ የተሳፈረበት አውቶቡስ ገና አልሞላም።

"ጋሼ አንጁሎ፣ ቶማ ነኝ። በቃልህ ፍቀድና እንውሰደው። አንተ ሆስፒታል ታገኘናለህ።"

"ወንድሜን በዓይኔ ሳላይ ከቤቱ አይወጣም" አለ።

"ግማሽ ጎኑ ሞቷል እኮ!"

"ቶማ፣ አንተ የመጋዝ ጓደኛው ነህ። እኔ ወንድሙ ነኝ" ብሎ ዘጋው።

አንጁሎን ክፉ ሰው አድርጌ መጻፍ እችል ነበር፣ ይቀልለኝም ነበር። ነገር ግን ሦስት ወንድማማች ነበሩ። መካከለኛው ሲታመም አዲስ አበባ ይሂድ ያለው አንጁሎ ነው። "በአፌ ልኬው በሣጥን መለሱልኝ" ይላል ሁልጊዜ። ሕዝቡም ያንን ያውቃል። ስለዚህ ከዚያ ቤት ሰው ሲታመም ማንም ደፍሮ አይነካም።

እኔ ደፈርኩ። አንድ እጄን በጀርባው፣ አንዱን በጉልበቱ ሥር አደረግሁና ላነሳው ስል ሎሃ በደህናው በግራ እጁ የአልጋውን ጠርዝ ያዘ። ጠንካራ እጅ ነው፣ ያን ሁሉ ዓመት መጋዝ የጎተተ እጅ። አለቅም አለ።

"አየህ?" አለ ማቴዎስ። "ወንድሜን እጠብቃለሁ እያለ ነው። እሱ ራሱ ይህን ሲያስተምር ነው የኖረው።"

"የሚወድቅ ሰው ያገኘውን ይይዛል" አልኩ።

"ጋሼ ቶማ፣ እባክህ" አለች አስቴር፣ እያለቀሰች። "ሎሃ ከዲምቱ ሲመለስ የማለውን ታውቃለህ። እኔ ባፈርሰው ሲድን ምን ይለኛል?"

ሲድን። እሷ የፈራችው ሲድን የሚቆጣትን ነው።

የባጃጁ ሹፌር አንገቱን አስገብቶ "አባባ፣ ልሂድ ወይስ ልቁም?" አለኝ። ቁም አልኩት። ትንሽ ቆይቶ መልሶ ጠየቀ። ከዚያ ሳይጠይቅ ሄደ።

አንጁሎ የመጣው ጥላ ዞሮ ነው። ከመናኸሪያ ድረስ እየሮጠ መጥቶ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። የሎሃን የተጣመመ አፍ ሳመው። እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ጸለየ፣ ረጅም ጸሎት። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ተነጋገሩ። ከዚያ "ውሰዱት" አለ። ጠዋት ባጃጅ ነበረ፤ ያኔ ባጃጅ ጠፍቶ ስንፈልግ ሌላ ጊዜ ሄደ።

ሆስፒታሉ ውስጥ የተቀበለን ወጣት ሐኪም ነው። ጭንቅላቱን በማሽን ፎቶ አስነሥቶ ሥዕሉን አየና ጠራን፣ አንጁሎን፣ አስቴርን፣ እኔን። እኔን ማንም አልጠራኝም፣ ራሴ ገባሁ።

"አባቶች" አለ፣ "አንጎሉን የሚያጠጣው ትልቁ የደም ሥር ላይ ደም ረግቶ ዘግቶታል። ስትሮክ የምንለው ነው፣ ከባዱ ዓይነት።"

"መድኃኒቱስ?" አለ አንጁሎ።

"እንዲህ ትልቁ ሲዘጋ የሚያወጡት አሉ፣ አዲስ አበባ። በብሽሽቱ በኩል ቀጭን ቱቦ ያስገባሉ። በደም ሥሩ ውስጥ ሆዱን፣ ደረቱን፣ አንገቱን አልፎ አንጎሉ ድረስ ይሄዳል። የረጋውን ደም ይይዝና ወደ ኋላ ስበው ያወጡታል።"

"ጭንቅላቱን ሳይከፍቱ?" አልኩ።

"ሳይከፍቱ።"

"ከዚያስ?"

"በጊዜው ከሆነ፣ የማይናገረው የሚናገርበት፣ የማይነሳው የሚነሳበት አለ። ሁሉም አይደለም። ግን አለ።"

"ታዲያ ምን እንጠብቃለን? እንሂድ!" አልኩ።

ሐኪሙ "መቼ ነው የታመመው?" አለ።

አስቴር "ጠዋት፣ ፊቱን ሲታጠብ" አለች።

ወጣቱ ሐኪም በመስኮት ወደ ውጭ አየ። ውጭ ሰዎች ከሥራ ወደ ቤት እየተመለሱ ነበር። ስልኩን አንስቶ ወጣ፣ ሥዕሉን ለአዲስ አበባዎቹ ላከ፣ ኮሪደሩ ላይ ሲያወራ ይሰማናል፣ ይለምናቸዋል። ተመልሶ ቆሞ ነው የነገረን።

"ከአንጎሉ ሰፊው ክፍል ሞቷል ይላሉ። አሁን የተዘጋው ቢከፈት ደሙ በሞተው ሥጋ ላይ ይፈስሳል፣ ይገድለዋል። ጠዋት ብትመጡ ኖሮ..." አለና የአንጁሎን ፊት አይቶ አቋረጠው።

"ጨርሰው" አልኩት።

"ተዉት አባባ፣ አሁን ምን ያደርጋል።"

"ጨርሰው አልኩህ!"

"ጠዋት ብትመጡ፣ ሥዕሉን ልከን፣ አምቡላንስ ተገኝቶ በሆሳዕና መንገድ ወዲያው ብትነሱ፣ ሊደርስ ይችል ነበር። በእርግጥ ይደርስ ነበር አልልም። ይችል ነበር።"

ይችል ነበር። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዚህ ቃል ጋር ነው የምተኛው። ይደርስ ነበር ቢለኝ ሁሉንም እጠላ ነበር፤ አይደርስም ነበር ቢለኝ ዝም እል ነበር። ይህኛው ምን እንደሚደረግበት አላውቅም።

የተቆጣሁት በአንጁሎ ብቻ አይደለም። ሰው ሶዶ ሲወድቅ ደሙን የሚስበው ሰው ለምን አዲስ አበባ ይቀመጣል? የእኛ ደም የሚረጋው እዚሁ ነው። ባለሥልጣኖቹ ለምርጫ ሲሆን እኛ ደጅ ድረስ ይመጣሉ። ይህን ለሐኪሙ ነገርኩት። "እውነትዎን ነው አባባ" አለኝ። እውነትዎን ነው ለሚል ሰው ምን ይመለስለታል? ወጣሁ።

ሎሃ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያህል ተኛ። አንድ ቃል ብቻ ቀረለት፤ "ሳብ"። ሌላው ሁሉ ጠፋ፣ የሚስቱ ስም፣ የልጆቹ ስም፣ አማርኛው፣ ወላይትኛውም። ውኃ ሲፈልግ "ሳብ" ይላል። ሲሞቀው "ሳብ"። ፓስተሩ ጸልዮለት አሜን ሲባል እሱ "ሳብ" አለ፣ ጎረቤት ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ወጥቼ አጥሩን ይዤ ቆምኩ። አስቴር በድምፁ ትለያለች፣ ይኼ ረሃብ ነው፣ ይኼ ቁጣ ነው ትላለች። እኔ መለየት አልቻልኩም። ለእኔ ሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፣ ከላይ ሆኖ እንደሚጠራኝ።

አንድ ቀን ብቻችንን ሆነን ጠየቅሁት። "ሎሃ፣ ያን ጠዋት አልጋውን ለምን ያዝከው? አንጁሎን ብለህ ነው? ወይስ ፈርተህ ነው? አዎ ከሆነ አንድ ጊዜ ብቻ ራስህን ነቅንቅልኝ።"

አየኝ። ዓይኑ ጤነኛ ነው። "ሳብ" አለኝ።

"እሺ፣ አንጁሎን ብለህ ነው?"

ራሱን ነቀነቀ።

"ፈርተህ ነው?"

ራሱን ነቀነቀ።

ሁለተኛ አልጠየቅሁትም።

አንጁሎ በየሳምንቱ ከቤሌ ይመጣል። ያጥበዋል፣ ጺሙን ይላጨዋል፣ ያገላብጠዋል። እኔ ስገባ እሱ ይወጣል። እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ። እንዲህ አድርገን ዓመቱን ጨረስን።

ቀብሩ ላይ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። መዘምራን ዘመሩ። ማቴዎስ የሕይወት ታሪኩን ሊያነብ ተነሳ። መቼ እንደተወለደ፣ ስንት ልጅ እንደወለደ፣ ሥርዓት አክባሪ እንደነበረ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ "ወንድማችን ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው..."

ተነሳሁ።

"አልተረዳም" አልኩ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ባለቤቴ ኮቴን ጎተተች።

"ጋሼ ቶማ፣ ተቀመጥ እንጂ" አለ ማቴዎስ። "የሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚነበበው።"

"የሁሉም ሰው ውሸት ይሁን፣ የሎሃን እኔ አውቀዋለሁ። ጠዋት ወድቆ፣ ባጃጅ በሩ ላይ ቆሞ፣ ሰው ሲጠበቅ ቀኑ መሸ። ሐኪሙ ይችል ነበር ብሏል። ይችል ነበር የሚለውን ጻፍበት!"

"እብድ ነው" አለ አንድ ሰው።

"ሐዘን ነው፣ ተዉት" አለ ሌላው።

ፓስተሩ መዝሙር አስጀመረ። መዘምራኑ ጮክ ብለው ዘመሩ። እኔም ቆሜ ጮህኩ፣ አልሰማም ያለኝ ሰው አልሰማኝም። ሁለት የእድር ሰዎች በብብቴ ይዘው አስወጡኝ። ጓደኛዬን ሲቀብሩት ያየሁት ከአጥር ውጭ ሆኜ ነው።

ከቀብር በኋላ አንጁሎ ወደ እኔ መጣ። ይመታኛል ብዬ ነበር፣ ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። አልመታኝም። ዱላውን ተደግፎ ቆመ።

"ሕዝብ ፊት ገደልከኝ" አለኝ።

"አንተስ?" አልኩት።

"እኔ ፈራሁ። አንዱን ልኬ ሞተ፣ አንዱን ይዤ ሞተ። ሦስተኛ የለኝም እንጂ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አሁንም አላውቅም።" ቀና ብሎ አየኝና "ቶማ፣ አንተ ታላቅ የለህም?" አለኝ።

"አለኝ። ሳና ነው፣ ሻንቶ ይኖራል።"

"ነገ አንተ ብትወድቅ ልጆችህ ማንን ይጠብቃሉ?"

መልሴን ሳይጠብቅ ሄደ።

ቤቴ ገብቼ ባለቤቴን ጠየቅኋት። እራት እያቀረበች ነበር። "ነገ እንደ ሎሃ ብወድቅ ምን ታደርጊያለሽ?" አልኳት።

"ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ለጋሼ ሳና እደውላለኋ" አለች። ቀና እንኳ አላለችም።

"ከዚያስ?"

"ይመጣል፣ ያለውን እናደርጋለን።"

"ልጆቻችንስ?"

"እነሱስ ያለ አጎታቸው ምን ያደርጋሉ? ጋሼ ሎሃ እንኳ እንዲህ አይደል የኖረው?" አለችና የእኔን ፊት አይታ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች።

በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ይዤ ሻንቶ ሄድኩ። ሳና ጓሮ እንሰቱን እየቃኘ አገኘሁት። ወንድሜ ከእኔ ብዙ ይበልጣል፣ ጆሮው ደክሟል፣ እግሩ ግን ደህና ነው።

"ሳና" አልኩት፣ "የመጣሁት አንድ ነገር ልለምንህ ነው። ብወድቅ፣ አፌ ቢጣመም፣ እጄ ቢዝል፣ ልጆቼ አንተን ሳይጠብቁ ያንሱኝ። አሁን ጤነኛ ሆኜ ፊትህ ቆሜ እያለሁ ፍቀድልኝ። ቃልህን ስጠኝ፣ ይዤው ልሂድ።"

ጮክ ብዬ ነው የነገርኩት፣ ሁለት ጊዜ። ሰማኝ። እጁን በሱሪው ጠርጎ ብዙ አሰበ። ሎሃን ያውቀዋል፣ ወሬውም ደርሶታል።

"ያልከው ልክ ነው" አለኝ። "ልክ ነው፣ ታናሼ። ሰው መጠበቅ የለበትም።"

"ስለዚህ ፈቅደሃል?"

"ልክ ነው እያልኩህ ነው። ግን ይህ እኮ ትልቅ ነገር ነው፣ እኔ ብቻዬን የምቆርጠው አይደለም። የአጎታችን ልጆች አሉ፣ እህታችን አለች። ለእሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይሰብሰቡና እንነጋገርበታለን። እስከዚያ ግባና ተቀመጥ።"

"አልቀመጥም" አልኩት።

"እስከ እሑድ ልትቆም ነው?"

"እሑድ አልመጣም። ዛሬ ጥራቸው።"

"ዛሬ ሰው ሥራ ላይ ነው እኮ ቶማ!"

"ጥራቸው።"

ራሱን ነቀነቀ፣ ስልኩን ከኪሱ አወጣ፣ ዓይኑ ስለማያይለት ለሚስቱ ሰጣት። እሷ እየደወለች በርጩማ አምጥታ ከኋላዬ አስቀመጠችልኝ። አልተቀመጥኩበትም። ከሰዓት በኋላ ከተጠሩት ሁለቱ መጡ፤ ሌሎቹ እንመጣለን አሉ። እኔም እዚያው ቆሜ ጠበቅኋቸው።